የስድስት ሰዓት ተኩሉ ጡሩምባ

የጋሽ ሸዋንግዛውን ሞት በስልክ የነገረችኝ ብርቄ ናት። «ቀብሩ ነገ ስድስት ሰዓት ነው፤ አንተ መቼም ሰዓት ታከብራለህ» አለችና ዘጋችው። ይህን ያለችው ልትሰድበኝ ነው። ለምን እንደሆነ ወደ በኋላ ይገባችኋል።

የሞተን ሰው የሚያወድስ ጽሑፍ አልወድም። በሕይወት ሳለ ሰላም ያላልነውን ሰው ሲሞት መልአክ እናደርገዋለን፤ እሱም ተነስቶ ሊቃወም አይችልም። ጋሽ ሸዋ መልአክ አልነበሩም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ከእሑድና ከበዓል በስተቀር፣ አሠሪያቸውን በየቀኑ ሰርቀዋል። እኔ በዕድሜዬ የሠራሁት ደግ ነገር ሁሉ አንድ ላይ ቢሰበሰብ የእሳቸውን ስርቆት አያህልም።

ዘመኑ የንጉሡ ነው። የሃያ ሁለት ዓመት ሰው ሆኜ፣ አቃቂ ካሉት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች በአንዱ የሠራተኛ ጉዳይ ክፍል ጸሐፊ ነበርኩ። በቢሮው ውስጥ መጽሐፍ የማነበው እኔ ብቻ ስለነበርኩ ብዙ የማውቅ ይመስለኝ ነበር።

ጋሽ ሸዋ የቦይለር ቤቱ ሠራተኛ ነበሩ። እሳቱንና እንፋሎቱን ይጠብቃሉ፤ አቃቂ ግን የሚያውቃቸው በጡሩምባው ነው። በቦይለር ቤቱ ጣሪያ ላይ የእንፋሎት ጡሩምባ ቆሞ ነበር። ከሱ የወረደ ሽቦ ከራሳቸው በላይ ይንጠለጠላል። ሽቦው ሲሳብ ድምፁ ከበሰቃ ሰፈር አልፎ ቃሊቲ ድረስ ይሰማል። ጠዋት ለመግቢያ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ለምሳ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ሥራ ለመመለስ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ለመውጫ ይነፋል። በዚያን ጊዜ የእጅ ሰዓት ያለው ሰው ጥቂት ነው። ሱቅ የሚከፈተው፣ ድስት የሚጣደው፣ ተማሪ የሚሮጠው በጋሽ ሸዋ ጡሩምባ ነበር።

ሽቦውን ከመሳባቸው በፊት የሚያደርጉት ነገር ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። ቆባቸውን ያወልቃሉ። እጃቸውን በጨርቅ ይጠርጋሉ። ምሳ ሊያበቃ ሲል ደግሞ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ትተው በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያሉ። መስኮቱ ከፋብሪካው የጀርባ አጥር ፊት ለፊት ነው። አንድ ቀን ወረቀት ላስፈርማቸው ገብቼ፣

«ጋሽ ሸዋ፣ ሰዓቱ ደርሷል እኮ» አልኳቸው።

ዘወር ሳይሉ፣ «ቆይ፣ ገና እየዋጡ ነው» አሉኝ።

ማን እንደሚውጥ አልጠየቅኩም። ስለ እርግቦች የሚያወሩ መስሎኝ ነበር፤ በዚያ አጥር ላይ እርግብ አይጠፋም።

ያልጠየቅኩት ነገር ሌላም ነበር። በዚያ ሰሞን አዲስ የእጅ ሰዓት ገዝቻለሁ። ሰዓቴ ጠዋት ከጡሩምባው ጋር ትስማማለች፤ ስድስት ሰዓት ላይም ትስማማለች፤ ምሳ ሲያበቃ ሰባት ደቂቃ ያህል ትቀድማለች፤ ማታ ደግሞ ሳይነኳት ትታረማለች። በሰቃ ሰዓት የሚጠግነው ሸምሱ ዘንድ ሁለት ጊዜ ወሰድኳት። ሸምሱ ሲናገር የማይቸኩል የስልጤ ሰው ነበር። ከፈታት፣ አያት፣ ጆሮው ላይ አደረጋት፣ መለሰልኝ።

«ሰዓቷ ደህና ናት።»

«ታዲያ ለምን ትቀድማለች?»

«ከማን?»

«ከጡሩምባው ነዋ!»

«እንግዲያው ጡሩምባውን አምጣልኝና ከፍቼ ልየው።»

ቀልድ መሰለኝ። እንደ ተማረ ሰው የራሴን ማብራሪያ አዘጋጀሁ፤ የቀትር ሙቀት በሰዓቴ ውስጥ ያለውን ብረት እያስፋፋው፣ ማታ ሲቀዘቅዝ ወደ ቦታው ይመለሳል አልኩ። ይህን ለሁለት የሥራ ባልደረቦቼ አስረድቻቸው አምነውኛል። ከሰዓቴና ከጋሽ ሸዋ አንዱን መጠርጠር ሲኖርብኝ የጠረጠርኩት ሰዓቴን ነው። ሥራ አስኪያጁ ፈረንጅ ደግሞ ምሳውን ግቢው ውስጥ ባለው ቤቱ በልቶ፣ ትንሽ አሸልቦ ስምንት ሰዓት ላይ ስለሚመለስ፣ የስድስት ሰዓት ተኩሉን ጡሩምባ ነቅቶ ሰምቶት የሚያውቅ አይመስለኝም።

ጋሽ ሸዋ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ፈቃድ ወጥተው አያውቁም። የዓመት ፈቃድ ለሠራተኛው ከተፈቀደ በኋላ እንኳ የፎርሙን መልክ አያውቁትም ነበር። ቢሮ ውስጥ መሳቂያችን ነበሩ። አለቃዬ፣ «ሽማግሌው ካልነፋ ፀሐይ አትወጣም» ይል ነበር። እኔ ደግሞ ሰው ራሱን እንዴት እንደሚያተልቅ የሚያሳይ ትንሽ ጽሑፍ ስለሳቸው ጀምሬ ነበር፤ እግዚአብሔር ይመስገን አልጨረስኩትም።

አንድ ቀን ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች ከዘራ ተደግፈው ቢሮዬ መጡ። ወንበር ብሰጣቸው «ከተቀመጥኩ ማን ያነሳኛል?» ብለው እምቢ አሉ።

«አንተ ነህ ፈቃድ የምትጽፈው?»

«እኔ ነኝ እትዬ።»

«እንግዲያው ለዚያ ሰውዬ ጻፍልኝ።»

ጉልበታቸውን ቁርጥማት ይዞታል። ሐኪሙ ሶደሬ ሄደው ፍል ውሃ እንዲገቡ ካዘዛቸው ሦስት ዓመት ሆኖታል።

«ብቻዎን ለምን አይሄዱም?» አልኳቸው። የተማረ ሰው ጥያቄ ነው።

ትክ ብለው አዩኝ። «ለጉልበቴማ ቢሆን ብቻዬን በሄድኩ። አየህ ልጄ፣ እግዜር ልጅ አልሰጠንም፤ ያለነው ሁለት ነን። ሁለታችንም በሥራ ቀን ምሳ አብረን በልተን አናውቅም። እኔ ያገባሁት ጡሩምባ ነው። እስቲ ከባሌ ጋር አንዴ ልቀመጥ።»

በዚያው ቀን ቦይለር ቤት ሄጄ ስብከቴን ጀመርኩ። ሰው ማሽን አይደለም አልኩ። ከሚወዱት ሰው ጋር ማረፍ ጉልበት ያድሳል አልኩ። ዘመን ይለወጣል፣ ከዘመን ጋር መለወጥ የብልህ ነው አልኩ። ጋሽ ሸዋ እሳቱን እየቆሰቆሱ ሰሙኝ።

«ማሽንማ ያርፋል» አሉ። «እሑድ እሑድ እኔው ነኝ የማሳርፈው።»

«እርስዎስ?»

«እኔ ከሄድኩ ማን ይነፋል?»

«ጋሽ ሸዋ፣ ሽቦ መሳብ እኮ ማንም ይችላል!»

«መሳቡንማ ማንም ይችላል» አሉና ወደ መስኮቱ አዩ።

አንድ ነገር አልነገርኳቸውም። መጋዘን ውስጥ ከውጭ አገር የመጣ አንድ ሣጥን ነበረ፤ በውስጡ የኤሌክትሪክ ጡሩምባና በራሱ የሚያስነፋው ሰዓት አለ። የሚተክለው ባለሙያ እየተጠበቀ ነው። አለቃዬ «ሽማግሌው ፊት ብንተክለው ያለቅስብናል፤ በፈቃድ ቢርቅልን ይሻላል» ብሎኝ ነበር። እኔም ተስማማሁ። ለውጥን በሰላም ለማስገባት ሽማግሌውን ወደ ፍል ውሃ መሸኘት በጣም የሠለጠነ ዘዴ መሰለኝ።

በመጨረሻ እሺ ያሉት ግን በእኔ ስብከት አይደለም። እትዬ ዘነበች አንድ ቀን ምሳ ይዘውላቸው ሲመጡ አጥሩ ጥግ ወደቁ። ጋሽ ሸዋ ቆባቸውን አውልቀው፣ ሽቦውን እንደያዙ በመስኮቱ አዩአቸው። ሴቶች ሮጠው አነሷቸው። በማግስቱ ጋሽ ሸዋ ቢሮዬ ገብተው «ወረቀቱን ስጠኝ» አሉ። ከፈረሙ በኋላ እንኳ አልሄዱም።

«የሚተካኝ ማነው?»

«አያስቡ።»

«አላስብም። አንድ ነገር ብቻ ንገርልኝ። ጠዋትና ማታ ሰዓቱን አይቶ ይንፋ። ስድስት ሰዓትም ሰዓቱን አይቶ ይንፋ። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ግን ሰዓቱን አይይ። በመስኮቱ ይይ።»

«እነግረዋለሁ» አልኩ። የምነግረው ሰው አልነበረም። ሣጥኑ መስኮት የለውም።

ባቡር ጣቢያ ድረስ ሸኘኋቸው። እትዬ ዘነበች አዲስ ጫማ አድርገው ሊቶሪና በሚባለው ባቡር ውስጥ እንደ ሙሽራ በመስኮቱ በኩል ተቀመጡ። ጋሽ ሸዋ አንገታቸውን አውጥተው ወደ ፋብሪካው ጭስ ያያሉ።

«አንተ ሰውዬ፣ ወደ ፊት ተመልከት፤ አንገትህ ሊቀጭ ነው» አሏቸው እትዬ ዘነበች። «ጡሩምባህን አይበሉብህም።»

ሊቶሪናው ሄደ። ከሁለት ቀን በኋላ ሣጥኑ ተከፈተ።

አዲሱ ጡሩምባ ድምፁ እንደ ሕመምተኛ ድመት ነው። ስድስት ሰዓት ላይ ጮኸ፤ ምሳ ሆነ። በዚያን ቀን አዲሱን ነገር በቅርብ ላየው ብዬ በጀርባ በኩል ወጥቼ ነበር፤ ከዚያ በፊት በምሳ ሰዓት እዚያ ሄጄ አላውቅም። ስድስት ሰዓት ተኩል ሲል እንደገና ጮኸ። ሰዓቴን አየሁ። ልክ ስድስት ሰዓት ተኩል። ሰዓቴ ዳነች ብዬ ደስ አለኝ።

ከዚያ ቀና አልኩ። ሽቦ አጥሩ ሥር ሃያ የሚሆኑ ሴቶች ሳር ላይ ተቀምጠዋል፤ ፀጉራቸው ላይ የጥጥ ብናኝ ስላረፈበት ከሩቅ አሮጊቶች ይመስላሉ። እያንዳንዷ ሕፃን ይዛለች። በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ አማት ወይም እህት ወይም ጎረቤት ሕፃኑን አጥሩ ድረስ ታመጣለች፤ እናት በአንድ እጇ እያጠባች በሌላው ትጎርሳለች። አሁን ጡሩምባው ጮኾ አንዳቸውም አልተነሱም። ተሳስቶ የጮኸ መስሏቸው ነው። ፎርማኑ መጥቶ ሲቆጣ ሕፃናቱን ከጡት ነጠቋቸው፤ ያኔ የተነሳው ለቅሶ ከአዲሱ ጡሩምባ ይበልጥ ነበር።

እርግቦቹ ትዝ አሉኝ። የሙቀቱም ማብራሪያዬ ትዝ አለኝ። ማንም ባያየኝም ፊቴን የምደብቅበት አጣሁ።

በሦስተኛው ቀን ብርቄ ቢሮዬ መጣች። የመጀመሪያ ልጇን የምታጠባ ፈታይ ነበረች፤ ምላሷ ከፋብሪካው ክር ይረዝማል።

«ጡሩምባችሁ ታሟል» አለች።

«ኤሌክትሪክ ነው፤ አይሳሳትም።»

«ስለዚህ ልጄ ነው የተሳሳተው?»

«የምሳ ሰዓት ሠላሳ ደቂቃ ነው፤ ደንቡ ነው።»

«ጋሽ ሸዋ የት ሄዱ?»

«ዕረፍት ናቸው።»

«ማነው ያሳረፋቸው?»

ጠረጴዛዬ ላይ ያሉትን የፈቃድ ፎርሞች ማስተካከል ጀመርኩ።

«ገባኝ» አለች። «ያረፉት እሳቸው፣ የተቀጣነው እኛ፣ የጻፍከው አንተ።»

በማግስቱ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ጡሩምባው ሲጮኽ ሴቶቹ አልተነሱም። አልጮኹም፣ አልተሳደቡም፤ ዝም ብለው ማጥባታቸውን ቀጠሉ። ፎርማኑ ለፈለፈ። ክር መፍተያው ክፍል ፀጥ አለ። ያን ፀጥታ የሰማው ሥራ አስኪያጅ ከእንቅልፉ ነቅቶ፣ ሰዓቱን በእጁ ይዞ መጣ። ሴቶቹ ሲጨርሱ ራሳቸው ተነሱ። ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን ተመለከተ፤ ሰባት ደቂቃ። አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ።

«ይህ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለ።

«እኔ ከተቀጠርኩ ጀምሮ» አለች ብርቄ።

«እኔ ከተቀጠርኩም ጀምሮ» አሉ ከኋላዋ ትልቅ ልጅ ያላቸው ሴት።

አለቃዬ እዚያው «ሽማግሌው ይባረር» አለ። ባልና ሚስቱ ደግሞ በዚያ ሰዓት ሶደሬ ናቸው፤ አንዱ ያልታመመ እግሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ዘርግቶ፣ አንዷ የታመመ ጉልበቷን ፍል ውሃ ውስጥ ከትታ። እኔ ሰብኬ፣ እኔ አስፈርሜ ልኬያቸዋለሁ፤ ሲመለሱ የሚቀበላቸው የስንብት ደብዳቤ ከሆነ የሚተይበውም እኔ ነኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም ብል ጥሩ ነበር፤ ወሰደኝ። ጠዋት ስነቃ ግን አፌ መራራ ነበር።

ያዳናቸው የእኔ ጸጸት ሳይሆን የሥራ አስኪያጁ ኀፍረት ነው። ጋሽ ሸዋን ለማባረር ምክንያቱን ለባለንብረቶቹ መጻፍ ያስፈልጋል። ምክንያቱ ሲጻፍ ደግሞ ፋብሪካው ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ የቦይለር ሠራተኛ መስኮት ሲተዳደር፣ ሥራ አስኪያጅ የሆነ ሁሉ ያሸልብ እንደነበር ይታወቃል። ሁለት ቀን አሰበበት። ከዚያ ማስታወቂያ እንዳዘጋጅ አዘዘኝ። «ድርጅቱ ለሠራተኞቹ ካለው አባታዊ አሳቢነት የተነሳ» ብዬ ጀመርኩ፤ ዛሬም የምኮራበት ውሸት ነው። የምሳ ዕረፍቱ አርባ ደቂቃ ሆነ። ሠላሳ ሰባት ተብሎ ቢጻፍ የስርቆቱ ማስረጃ ይሆን ነበር።

ጋሽ ሸዋ በሚመለሱበት ቀን ጣቢያ ሄጄ ጠበቅኳቸው። ሊቶሪናው የደረሰው ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው። እትዬ ዘነበች ቀድመው ወረዱ፤ ከዘራውን የያዙት ጋሽ ሸዋ ናቸው። ገና ሰላም ስንባባል ያ የድመት ጩኸት መጣ።

«ይሄ ማነው?» አሉ።

«ማሽን ነው ጋሽ ሸዋ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ።»

ፊታቸው አመድ መሰለ። ላስረዳቸው አፌን ስከፍት እጃቸውን አንስተው ዝም አስባሉኝና ከደረት ኪሳቸው ሰዓት አወጡ። ሻንጣው ላይ ተቀመጡ። ሦስታችንም ጣቢያው ላይ ቆየን። ስድስት ሰዓት ተኩል ሆነ፤ ምንም የለም። ቀና ብለው አዩኝ። ሰባቱ ደቂቃ አለፈ፤ አሁንም ዝም። አርባ ሲሞላ ጮኸ።

«ዘገየ» አሉ በሹክሹክታ።

«አልዘገየም፤ ታውጆ ነው።» ከዚያ ከሣጥኑ ጀምሮ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የደበቅኩትንም ጨምሬ። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን የሰሙት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ሦስት ደቂቃ ጨመሩ?»

«አዎ።»

«እኔ እኮ ከሰባት ማለፍ ፈርቼ ነው የኖርኩት።» ሰዓታቸውን መልሰው ኪሳቸው ከተቱ። «ተቀምጠው ዝም በማለታቸው ብቻ ሰጧቸው?»

«ብቻ።»

«ለካ ይጠየቅ ኖሯል» አሉ። «እኔ ስሰርቅላቸው ስለኖርኩ ነዋ ያልጠየቁት።»

ይህን የመሰለ ፍርድ በራሱ ላይ የፈረደ ሰው ከዚያ በኋላ አላየሁም፤ መጽሐፍ ላይም አላነበብኩም። እኔ ለማጽናናት ቃል ስፈልግ እትዬ ዘነበች ቀደሙኝ።

«እንግዲያው ሥራ ከሌለህ ይሄው ባቡር ሲመለስ ወደ ሶደሬ እንመለስ?»

ጋሽ ሸዋ ሳቁ። ሲስቁ የሰማሁት ያኔ ነው።

ከዚያ በኋላ የጀርባው በር ዘበኛ ሆኑ፤ ስድስት ሰዓት ላይ በሩን ለሕፃናቱ የሚከፍቱት እሳቸው ነበሩ። የድሮውን ጡሩምባ ሽቦ ለምነው ወሰዱ፤ ግቢያቸው ውስጥ ለእትዬ ዘነበች የልብስ ማስጫ ሆነ። ፈቃድ መውጣትን እንደ አዲስ ሃይማኖት ያዙት። በየዓመቱ ሁለቱ በሊቶሪና ይሄዳሉ፤ ሲመለሱ ከናዝሬት ብርቱካን ያመጡልኛል፤ ያንኑ የራሴን ስብከት ደግሞ ይመልሱልኛል።

«አንተስ ፎርሙን መቼ ነው የምትሞላው?»

«ሥራ በዝቶብኛል ጋሽ ሸዋ። እኔ ከሌለሁ ማን ይሠራዋል?»

«ሣጥን ያመጡልሃል» አሉኝ።

ፋብሪካውን እስክለቅ ድረስ አንድም ፈቃድ አልወጣሁም። ከዚያ ወዲህ ስለ ዕረፍት ጥቅም ሦስት ጽሑፍ አሳትሜያለሁ።

ከጋሽ ሸዋ ቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠን ነበር። እትዬ ዘነበች ጥግ ላይ፣ ያለ ከዘራ። ከድንኳኑ ጀርባ ሽቦው ይታያል፤ የማን እንደሆነ የማላውቀው ነጠላ ተሰጥቶበታል። ምግቡ ገና እየዞረ የእድሩ ጸሐፊ ሰዓቱን አይቶ ብድግ አለ፤ ቀበሌ ስብሰባ ስላለ ሕዝቡን አመስግኖ ሊያሰናብት ነው። ይህ ወጣት የብርቄ የመጀመሪያ ልጅ ነው፤ ከዚያ አጥር ሥር በሰባቱ ደቂቃ ጠግቦ ያደገ። «እንግዲህ ሰዓቱም ስለደረሰ» ብሎ ሲጀምር ከሴቶቹ መካከል የብርቄ ድምፅ መጣ።

«ተቀመጥ አንተ! ገና እየዋጡ ነው።»

ተቀመጠ። እኔ በልማዴ ሰዓቴን አየሁ። እንደገና እስኪነሳ ድረስ የቆየው ሰባት ደቂቃ ቢሆን ለዚህ ጽሑፍ ያምርልኝ ነበር።

አሥራ አንድ ደቂቃ ቆየ። ማንም ይቅርታ አልጠየቀም።